አንድ ጠጪ ለሌላው ጠጪ፦ ስፖንሰር ከየት መጣ?

በአሜሪካ የመጠጥ ታሪክ ውስጥ ሰካራሙን ከበው የኖሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ የሚገሥጸው ቄስ፣ የሚያክመው ሐኪም፣ የሚያስረው ዳኛ፣ ሌሊቱን በር ላይ የምትጠብቀው ሚስት። አራቱም ስለ መጠጥ የሚናገሩት አላጡም። ጠዋት ሲነሳ እጁ የሚንቀጠቀጥ ግን ከመካከላቸው አልነበረም። አምስተኛው ሰው ዘግይቶ መጣ። እሱ ራሱ ሰካራም የነበረ፣ ደመወዝ የማይከፈለው፣ ዲፕሎማ የሌለው፣ ማንም ያልሾመው ሰው ነው። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ በሚባለው ማኅበር (ከዚህ በኋላ ኤኤ እያልን እንጠራዋለን) ስፖንሰር የሚሉት እሱን ነው። ስሙ ባለገንዘብ ያስመስለዋል እንጂ ለማንም ገንዘብ አይሰጥም፤ ከማንም አይቀበልምም። ከእሱ በፊት መጠጥ ያቆመ ሰው ነው፤ አዲሱን ሰው ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶ “ልትጠጣ ስትል፣ ከመጠጣትህ በፊት ደውልልኝ” ይለዋል።

ብዙዎቻችን ይህን ግንኙነት የጠነከረው የደከመውን የሚደግፍበት በጎ አድራጎት አድርገን እንረዳዋለን። ታሪኩን ለሚመረምር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የስፖንሰር ሥራ የተጀመረው ረጂው ራሱ ተመልሶ እንዳይሰክር ሲፍጨረጨር ነው። ተረጂው ማገገሙ ከዚያ ቀጥሎ የመጣ ጸጋ ነው። በእኔ ግምት ይህ ቅደም ተከተል በተዘነጋባቸው ጊዜያት ሁሉ ነገሩ ተበላሽቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጅማሬው ባልቲሞር ነው። በኤፕሪል 1840 በዚያች የወደብ ከተማ ቼዝ በተባለ መጠጥ ቤት የሚገናኙ ስድስት ጠጪዎች ከመካከላቸው ጥቂቱን ስለ መጠጥ ጉዳት የሚሰጥ ንግግር ሰምተው እንዲመጡ ላኩ። መልእክተኞቹ ተመልሰው የሰሙትን ሲያወሩ ክርክር ተነሣ፤ የክርክሩ መጨረሻም ስድስቱም ፈጽሞ ላለመጠጣት ቃል መግባታቸው ሆነ። በመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስም የዋሽንግተን ማኅበር ብለው ተጠሩ። ስብሰባቸው ስብከት አልነበረበትም። አንዱ ተነሥቶ እንዴት ይጠጣ እንደነበር፣ ቤቱ እንዴት እንደፈረሰ፣ አሁን እንዴት እንደሆነ ይናገራል፤ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። እያንዳንዱ አባል በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ አዲስ ጠጪ ይዞ መምጣት ይጠበቅበት ነበር። እንቅስቃሴው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሩን አዳረሰ።

በፌብሩዋሪ 22፣ 1842 በኢሊኖይ ስፕሪንግፊልድ ለዚህ ማኅበር አባላት ንግግር ያደረገው ያኔ ስሙ ብዙም ያልተሰማ ጠበቃ አብርሃም ሊንከን ነበር። ሊንከን የቀድሞዎቹ የፀረ መጠጥ ዘመቻዎች ለምን እንደከሸፉ ሲያስረዳ ጣቱን የቀሰረው በሰባኪዎች፣ በጠበቆችና በተቀጣሪ ወኪሎች ላይ ነው። ጠጪውን ያወግዙታል እንጂ አይቀርቡትም፤ ከእሱ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም አለ። ከመጠጥ የተመለሰ ሰው ግን የትናንት ጓደኞቹን ሲያናግር ማንም ከንቱ ፉከራ ነው ሊለው አይችልም። ይህን ሐሳብ ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ በየራሳቸው ቃል ደግመውታል፤ አብዛኞቹ ሊንከን ቀድሞ እንደተናገረው ሳያውቁ።

ማኅበሩ ግን አልቆየም። መጠጥ በሕግ ይከልከል በሚለው ክርክር ተጠላለፈ፤ ጠጥተው የማያውቁ ፖለቲከኞችና ሰባኪዎች መድረኩን ያዙት፤ በ1840ዎቹ መጨረሻ ከሞላ ጎደል ከሰመ። የሺዎች ስም የሰፈረበት የቃል ኪዳን መዝገብ ሲቀር፣ ፈራሚው ከፈረመ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ጉሮሮው ሲደርቅ ማን ዘንድ እንደሚሄድ የሚነግር ሥርዓት አልነበረም።

ቀጥሎ ያለውን ግማሽ ምዕተ ዓመት በፍጥነት እንለፈው። በ1906 በቦስተን የአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ኤልውድ ዉስተር ሐኪሞችንና ቀሳውስትን አቀናጅቶ የነርቭ ሕሙማንንና ጠጪዎችን መርዳት ጀመረ። ከረዳቸው አንዱ ኮርትኔይ ቤይለር በ1911 መጠጥ ካቆመ በኋላ ሌሎችን የሚያማክር ተቀጣሪ ሆነ። የእነሱን እርዳታ ያገኘው ሪቻርድ ፒቦዲም በክፍያ ጠጪዎችን ማማከር ያዘ። የቀድሞ ጠጪ ጠጪን የመርዳት ችሎታ እንዳለው በዚህ መንገድ ታየ። ችሎታው ግን ሙያ ሆነ፤ ለመክፈል አቅም ላለው ሰው ብቻ የሚሆን ሙያ።

ነገሩን ወደ ኩሽና ጠረጴዛ የመለሰው በ1920ዎቹ የተነሣው የኦክስፎርድ ቡድን ነው። መሥራቹ ፍራንክ ቡክማን የፔንሲልቬንያ ተወላጅ የሉተራን ቄስ ነበር። የቡድኑ ልማድ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ለሌላ ሰው ኃጢአቱን ይናገራል፣ የበደለውን ይክሳል፣ ያገኘውን ለሌላ ያካፍላል። ቡድኑ የጠጪዎች አልነበረም፤ ጠጪዎች ግን ገቡበት። ከእነሱ አንዱ የሮድ አይላንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ሮውላንድ ሃዛርድ ነው። ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ በካርል ዩንግ ታክሟል። ዩንግ በመጨረሻ የነገረው መራራ ነበር፦ ሕክምና አያድንህም፤ ተስፋ ካለህ በመንፈሳዊ ለውጥ ብቻ ነው። ሮውላንድ ለውጡን በኦክስፎርድ ቡድን አገኘው። በ1934 በጋ በቬርሞንት አንድ ጠጪ በስካር ምክንያት ቤኒንግተን ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊታሰር ነው መባሉን ሲሰማ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ዳኛውን “ለእኛ ስጡን” ብሎ ለመነ። ሰውየው ኤቢ ታቸር ይባላል። ዳኛው ፈቀዱ።

ኤቢ በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጨረሻ በኒው ዮርክ ብሩክሊን 182 ክሊንተን ጎዳና ወደሚኖር የልጅነት ጓደኛው ቤት ሄደ። ጓደኛው ቢል ዊልሰን ይባላል፤ በዎል ስትሪት የአክሲዮን ገበያ ተንታኝ ነበር፣ በመጠጥ ምክንያት ሥራውን ሁሉ ያጣ። ቢል ጂን በአናናስ ጭማቂ ቀላቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል፤ ከድሮ የመጠጥ ጓደኛው ጋር ጥሩ ከሰዓት ሊያሳልፍ ነው። ኤቢ ብርጭቆውን ገፋው። ያን ቀን ቢል የሰማው ክርክርም ስብከትም አልነበረም፤ እንደ እሱ ይጠጣ የነበረ ሰው እንዴት እንዳቆመ ሲናገር ሰማ። ቢል መጠጣቱን ቀጠለ፤ የሰማው ነገር ግን ሰላም ነሣው። በዲሴምበር 11፣ 1934 ታውንስ ሆስፒታል ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጃንዩዋሪ 1971 እስኪሞት ድረስ አልጠጣም።

ኤቢስ? ኤቢ ጠጣ። ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ አገረሸበት፤ ከዚያም አቆመ፣ ጀመረ፣ አቆመ፣ ጀመረ። ቢል ቤቱ አስቀመጠው፣ ሆስፒታል አስገባው፣ ገንዘብ ላከለት። በቴክሳስ ለጥቂት ዓመታት ደኅና ከሆነ በኋላም ዳግም ወደቀ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ያህል ሳይጠጣ ቆይቶ በማርች 1966 በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኝ አንድ ማረፊያ ቤት ሞተ። በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት ሁሉ ቢል ዊልሰን ኤቢን ሲያስተዋውቅ “ስፖንሰሬ” ነው የሚለው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያጨበጨቡለት የማኅበሩ መሥራች፣ አዳራሹ ጥግ ላይ በሰከረ ዓይን የተቀመጠውን ሰው የዳንኩት በእሱ ነው ይላል። ይህን የይሉኝታ ንግግር አድርገው የሚያዩት አሉ። እኔ የታሪኩ ዋና ማስረጃ አድርጌ ነው የማየው፤ መልእክቱን ማድረስ አንድ ነገር ነው፣ ማድረሱን አለማቋረጥ ሌላ ነው። ኤቢ አድርሶ ተቀመጠ። ቢል ማድረሱን ሥራው አደረገው።

ለነገሩ ቢልም መጀመሪያ ላይ አልተሳካለትም። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ለአምስት ወር ያህል በኒው ዮርክ ያገኘውን ሰካራም ሁሉ አሳደደ። ቤቱ አመጣቸው፣ አበላቸው፣ በሆስፒታል ሳለ ስላየው መንፈሳዊ ራእይ ሰበካቸው። አንድም ሰው አላቆመም። ተስፋ ቆርጦ ሲያማርር ሚስቱ ሎይስ እሱ ያላየውን አስተዋለች፦ አንተ ራስህ ግን አልጠጣህም። የታውንስ ሆስፒታል ሐኪም ዊሊያም ሲልክወርዝ ደግሞ አካሄዱን አረመው፦ መስበክህን ተው፤ በሽታው ምን እንደሆነ፣ አካልን እንዴት እንደሚይዝ፣ አእምሮን እንዴት እንደሚያታልል ንገራቸው።

ሁለቱ ምክሮች የተፈተኑት በሜይ 1935 በኦሃዮዋ የጎማ ከተማ አክረን ነው። ቢል ለንግድ ጉዳይ ሄዶ ነበር፤ ጉዳዩ ከሸፈ። ሜይፍላወር ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ከአንድ ጎን የቡና ቤቱ ሳቅ ይሰማዋል፣ ከሌላው ጎን የስልክ ሣጥን አለ። ሊጠጣ ጥቂት ሲቀረው አንድ ነገር ገባው፤ አሁን የሚያስፈልገኝ ሌላ ሰካራም ነው፤ እሱ ለእኔ የሚያስፈልገኝን ያህል እኔም አስፈልገዋለሁ። ከአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ውስጥ የአንድ ቄስ ስም መርጦ ደወለ። ቄሱ ስሞች ሰጡት፤ በዚያ ሰንሰለት የጉድይር ጎማ ፋብሪካ መሥራች ምራት ወደሆነችው ሄንሪዬታ ሳይበርሊንግ ደረሰ። እሷ ደግሞ የሚጠጣ አንድ ቀዶ ሐኪም ታውቃለች።

ዶክተር ቦብ ስሚዝ በማግስቱ፣ ሜይ 12 የእናቶች ቀን፣ የመጣው እየተንቀጠቀጠ ነው። ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆይም ብሎ ሚስቱን አስምሏት ነበር። ሁለቱ ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ስለ መጠጥ ብዙ ያነበበው፣ የሃይማኖቱን ነገር ከቢል ይልቅ የሚያውቀው ቦብ ነው። ከሁለቱ የቸገረውን የተናገረው ግን ቢል ነው፤ ስለ ራሱ ብቻ እየተናገረ። ቦብ በኋላ ሲጽፍ ስለ አልኮል ሱስ ከራሱ ሕይወት እያወቀ የሚያነጋግረውን ሰው ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው እንደነበር ይመሰክራል። የቦብ የመጨረሻ መጠጥ ጁን 10፣ 1935 ነው፤ ቀዶ ሕክምና ከማድረጉ በፊት እጁ እንዲረጋ ቢል የሰጠው ቢራ። ኤኤ የልደት ቀኑን የሚቆጥረው ከዚያ ነው።

ሁለቱ ወዲያው ሦስተኛ ሰው ፈለጉ። አስተውሉ፤ ቦብ ካቆመ ገና ሳምንታት ነው፤ ራሱን አድኖ አልጨረሰም። በአክረን ሲቲ ሆስፒታል ሁለት ነርሶች መትቶ አልጋ ላይ የታሰረ ጠበቃ አገኙ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው የየራሳቸውን ታሪክ ነገሩት። ጠበቃው አቆመ፤ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ አልጠጣም። አንድ የአልኮል ሱሰኛ በአልጋ ላይ፣ ሁለት ያቆሙ ሰዎች በወንበር ላይ፤ የስፖንሰር ሥራ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም።

በኤፕሪል 1939 የወጣው የማኅበሩ መጽሐፍ ፕሮግራሙን በሚያብራሩት ምዕራፎቹ ውስጥ ስፖንሰር የሚል ቃል የለበትም። ሥራው ግን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተሰጥቶታል። ምዕራፉን ዛሬ የሚያነብ ሰው በተግባራዊነቱ ይገረማል፦ ሰውየውን ብቻውን አግኙት፣ ሰክሮ እያለ አትጨቃጨቁት፣ ከላይ ሆናችሁ አትስበኩት፣ ገንዘብ መስጠትን መሠረት አታድርጉ፣ ካልፈለገ ትታችሁት ወደ ሌላ ሂዱ። መጽሐፉ ይህን ሁሉ የሚመክረው ለተረጂው ብቻ አስቦ አይደለም፤ ምዕራፉ የሚከፈተውም ለአንባቢው ራሱ ከመጠጥ የሚያስጥለውን ዋስትና በመጠቆም ነው።

ቃሉ የመጣው ከሆስፒታል በር ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሆስፒታሎች ሰካራም አያስገቡም ነበር፤ ይረብሻል፣ ሂሳብ አይከፍልም። በአክረንና በኒው ዮርክ ጥቂት ሆስፒታሎች ግን ያቆመ የኤኤ አባል ኃላፊነት ከወሰደ ሊቀበሉ ተስማሙ። ያ አባል ስፖንሰር ተባለ። ሕመምተኛውን ይዞ ይገባል፣ ተመላልሶ ይጠይቀዋል፣ ሲወጣ ቆሞ ይቀበለዋል፣ ወደ ቤቱ ከዚያም ወደ ስብሰባ ይወስደዋል። በአክረን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የመግቢያ ክፍሉን የሚመሩት ትውልደ አየርላንድ መነኩሲት ሲስተር ኢግናሺያ ነበሩ። በኦገስት 1939 ዶክተር ቦብ ያመጣላቸውን ጠጪ በመዝገቡ ላይ “የጨጓራ ሕመም” ብለው አስገቡት፤ አልጋ ስላልነበረ ለሕሙማን የመጣ አበባ በሚሰናዳበት ክፍል አስተኙት። ሁለቱ ዶክተር ቦብ በኖቬምበር 1950 እስኪሞት ድረስ ወደ 5,000 የሚጠጉ ጠጪዎችን አብረው አከሙ። ሲስተር ኢግናሺያ ለሚወጣው ሰው የቅዱስ ልብ ምልክት ይሰጡታል፤ ከመጠጣትህ በፊት ይህን መልሰህ ታመጣልኛለህ ብለው። መንፈሳዊውንና ተንኮለኛውን እንዲህ ያጣመረ ዘዴ በሌላ ቦታ አላየሁም።

ሥርዓቱ በእውነት የተፈተነው በክሊቭላንድ ነው። የዶክተር ቦብ ተረጂ የነበረው ክላረንስ ስናይደር በሜይ 1939 እዚያ የራሱን ስብሰባ ከፈተ፤ የኤኤን ስም ይዞ የተከፈተ የመጀመሪያው ቡድን እንደሆነ ይነገራል። የካቶሊክ አባላቱ ቤተ ክርስቲያን የፕሮቴስታንት ሽታ ባለው የኦክስፎርድ ቡድን ስለማትደሰት ከቡድኑ መለየቱ ግድ ሆኗል። በኦክቶበር የከተማዋ ጋዜጣ ፕሌን ዲለር ስለነሱ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። ሃያ ገደማ የነበሩት አባላት በመቶዎች የሚቆጠር ጥሪ ደረሳቸው። ምን ይደረግ? ካቆመ አንድ ወር ያልሞላው ሰው ካቆመ ሦስት ቀን የሆነውን ይዞ ወጣ። አስቂኝ ይመስላል፤ ሠርቷል። በጥቂት ወራት ውስጥ የክሊቭላንድ አባላት ብዙ መቶ ሆኑ። ቢል ዊልሰንም በኋላ ስለ ክሊቭላንድ ሲጽፍ ይህ ነገር በጅምላ ሊሠራ እንደሚችል ያረጋገጠችው ከተማ ብሎ መስክሯል። ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት መጽሔት በማርች 1941 ስለ ማኅበሩ ሲጽፍ 2,000 የነበሩት አባላት በዓመቱ መጨረሻ 8,000 የደረሱት በዚህ ዘዴ ነው። ስለ ስፖንሰር ኃላፊነት የመጀመሪያዋን በራሪ መጽሐፍ የጻፈውም ክላረንስ ነው፤ በ1944።

ስለ ሴቶች ጥቂት እንበል፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትረካ የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀራልና። በ1939 ወደ ክሊንተን ጎዳናው ቤት የመጣችው ማርቲ ማን ከማኅበሩ ቀደምት ሴት አባላት አንዷ ናት፤ ስፖንሰሯ ቢል ነበር። ሴት ሱሰኛ የሚያፍርባት እንጂ የሚያዝንላት በሌለበት ዘመን ስለ በሽታው አገር ለአገር እየዞረች አስተማረች፤ በ1944 ለዚሁ ዓላማ ብሔራዊ ኮሚቴ አቋቋመች። ሴቶች ሲበዙ ልማዱ ተስተካከለ፦ ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት ስፖንሰር። ምክንያቱን ማንም ያውቀዋል፤ የተጎዳ ሰው ሌሊት የሚደውልለት ሰው በቀላሉ ሌላ ነገር ሊሆንበት ይችላል።

ስፖንሰር ዛሬ ምን ይሠራል? አዲሱን ሰው በ12ቱ የኤኤ የማገገሚያ ደረጃዎች ያሳልፈዋል። በአራተኛው ደረጃ ሰውየው የሕይወቱን ጥፋት በጽሑፍ ይዘረዝራል፤ በአምስተኛው ለሌላ ሰው ያነብባል፤ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስፖንሰሩ ነው። ለእኛ አንባቢ ቅርቡ ምሳሌ የንስሐ አባት ነው፤ ይበልጥ የሚያስረዳው ግን ልዩነታቸው ነው። የንስሐ አባት የልጁን ኃጢአት ይሰማል እንጂ የራሱን አይነግረውም፤ ሥልጣኑም ከክህነቱ ነው። ስፖንሰሩ ቀድሞ ይናዘዛል፤ ቀኖና አይሰጥም፣ አይፈታም፣ አያስርም። እሱም በተራው የሚደውልለት ስፖንሰር አለው። ተረጂው ካልተስማማው ነገ ሌላ ይመርጣል። ውል የለም፣ ክፍያ የለም፣ መዝገብም የለም።

ሹመት አለመኖሩ ግን ሥልጣን አለመኖሩን አያረጋግጥም። ቀድሞ የኤኤ አባል የነበረው ቻርልስ ዴደሪክ በ1958 በካሊፎርኒያ ሲናኖን የተባለ ማኅበር መሠረተ። መጀመሪያ ላይ የዕፅ ሱሰኞች ያገገሙበት ቤት ተብሎ ተወደሰ። ማኅበሩ አድጎ ማንም የማይመረቅበት፣ መሪው ብቻ የሚያዝበት፣ በመጨረሻም የሚዋጉትን የሚያሸብር ቡድን ሆነ፤ በ1978 አባላቱ በከሰሳቸው ጠበቃ የፖስታ ሣጥን ውስጥ መርዛም እባብ አስገቡ። በኤኤ ጥላ ሥርም ነውር አልጠፋም። ኒውስዊክ መጽሔት በ2007 በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ስለነበረ አንድ ቡድን ሲጽፍ፣ የቀድሞ አባላት ስፖንሰሮቻቸው ከቤተሰብ እንዲቆረጡ፣ መድኃኒት እንዲያቆሙ፣ ወጣት ሴቶችም ከትልልቅ ወንዶች ጋር እንዲወዳጁ ይገፏቸው ነበር ብለው ከሰሱ። በሁለቱም ዘንድ የሆነው አንድ ነው፦ ረጂው ተረጂውን ለራሱ መዳን እንደሚያስፈልገው ረሳ፤ አዳኝ ሆነ፤ ከዚያ ጌታ ሆነ። ማኅበሩ ማዕከላዊ ፖሊስ የለውም፤ ያለው በራሪ ጽሑፍና የአባላት ኅሊና ነው። ኤኤ አባል ራሱን እንደ ሐኪም ቆጥሮ የሌላውን መድኃኒት እንዳያስቆም የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አውጥቷል፤ የሚያነበው አይጠፋም፤ የማያነበውም አለ። ይህን ድካም ደብቆ ስለ ስፖንሰር መልካም ብቻ መጻፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ሳይንስ ዘግይቶ ደረሰ። በ2004 የታተመው የማሪያ ፓጋኖና የባልደረቦቿ ጥናት ከሕክምና በኋላ ሌሎች ሱሰኞችን የረዱትን ካልረዱት ጋር አወዳደረ፤ በተከታዩ ዓመት ሳይጠጡ የቆዩት ከረጂዎቹ 40 በመቶ፣ ካልረዱት 22 በመቶ ናቸው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት 500 የዕፅ ሱሰኞችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ይበልጥ የሚገርም ነገር አግኝቶ ነበር፦ ስፖንሰር መሆን ከሱስ ነጻ ከመቆየት ጋር በጥብቅ ተያያዘ፤ ስፖንሰር መያዝ ግን እንደዚያ አልተያያዘም። ጥናቱ የተሠራው በባልቲሞር ነው፤ በስድስቱ ጠጪዎች ከተማ። ስፖንሰር መያዝ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደሚጠቅም ያገኙ ጥናቶችም አሉ። ደግሞም ለመርዳት የሚነሣው ቀድሞውኑ የበረታው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ስናነብ ይህን አንርሳ። ስለ ማኅበሩ በጥቅሉ ግን በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ሰዎችን አይቶ፣ ወደ ኤኤ የሚመራ ሕክምና ፈጽሞ ላለመጠጣት ከሌሎቹ የታወቁ የምክር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው ደምድሟል።

እኛ ዘንድ መጠጥ ለማቆም ጸበል አለ፣ ስለት አለ፣ ግዝት አለ። ብዙ ሰው በእነዚህ አቁሟል፤ መካድ አይቻልም። መሐላው የሚፈተነው ግን በሠርግ ቤት፣ በማኅበር ቀን፣ አክባሪ ዘመድ “በሞቴ” እያለ ብርሌ ሲያቀርብ ነው። በዚያ ሰዓት ጓሮ ወጥቶ የሚደውልለት፣ ያንኑ ብርሌ ባለፈው ፋሲካ የገፋ ሰው አብዛኛው ጠጪ የለውም። ምስጢር መጠበቅም ቀላል አይደለም፤ እድርተኛው ሁሉ በሚተዋወቅበት ሰፈር ስም ሳይነሣ መገናኘት ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። በአሜሪካ ደግሞ ዳኞች ሰክሮ ሲነዳ የተያዘን ሰው ወደ ኤኤ ስብሰባ ይልካሉ፤ እዚያ ለሚኖር ሐበሻም የመጀመሪያው ትውውቅ ይኸው የፍርድ ቤት ወረቀት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን አስፈርሞ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ቀርቶ የአንድ ሰው ስልክ የሚጠይቀው ግን ትርፍ አለው።

መጠጥ ካቆማችሁ ዓመታት ያለፉ አንባቢዎች፣ በሰፈራችሁ አሁን ሊያቆም የሚታገለውን ሰው ታውቁታላችሁ። ምክራችሁን ከሌላም ያገኘዋል፤ የራሳችሁን ታሪክ ንገሩትና ስልካችሁን ስጡት። ስፖንሰር ሐኪም እንዳልሆነም አትርሱ። በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል መንቀጥቀጥና ቅዠት ሊይዘው፣ ሊሞትም ይችላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የኤኤ ስብሰባ በአካልም በኢንተርኔትም አለ፤ መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚጠይቀውም ለማቆም መፈለግን ብቻ ነው።